መጥበቅና መላላት፦ ለከሚሴ የአማርኛ ክፍል የታሰበ ፕሮጀክት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታን ማዳበር ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ይሁንና በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ፕሮጀክት» ተብሎ የሚሰጠው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የአንድን ደራሲ የሕይወት ታሪክ ከመጽሐፍ ገልብጦ ከማምጣት አያልፍም። ይህ የእጅ ጽሕፈት ልምምድ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮጀክት ግን አይደለም። ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው ማሰብ የሚጀምረው ግራ ከመጋባት ነው። ስለሆነም የመምህሩ ቀዳሚ ተግባር ተማሪውን በእውነት ግራ የሚያጋባ፣ ማስረጃው ግን ከእጁ የማይርቅ ጥያቄ መፈለግ ይሆናል።

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በከሚሴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቅርብ ነው። በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ ወደ አማርኛ ክፍል ሲገባ ሁለት የአጻጻፍ ሥርዓቶችን፣ ቁቤንና ፊደልን፣ ይዞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚታይበት ግን የያዘው ሳይሆን የጎደለው ነው። አማርኛው ይታረማል እንጂ በሁለቱ መካከል ያስተዋለውን ልዩነት የሚጠይቀው የለም።

«ሶዳ» የሚለውን የኦሮምኛ ቃል እንውሰድ። ሲላላ ፍርሃት፣ ሲጠብቅ አማች ማለት ነው። (አማቱን ለሚፈራ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል ላይታየው ይችላል።) ቁቤ የሚጠብቀውን ተነባቢ ደግሞ ስለሚጽፍ ሁለቱን ይለያል፤ በፊደል ግን አንድ ናቸው። በአማርኛም «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ገና አልመጣም» የምንልበት ነው። «ዋና»ም እንዲሁ። እንግዲህ ለተማሪዎቹ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ፊደላችን ጥብቀትን አለማሳየቱ ጉድለት ነው ወይስ ሀብት?

ሥራው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ተማሪዎቹ አራት አራት ሆነው ይመደባሉ፤ በየቡድኑ ቁቤን አቀላጥፎ የሚያነብ መኖሩ ግድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት፣ ሲጠብቅና ሲላላ ፍቺው የሚለወጥ ቃል ያለበትን አባባል፣ እንቆቅልሽ ወይም ቃል ግጥም ሰምተው በፊደል ይጽፋሉ። የባቲን የሰኞ ገበያ የሚመኝ መምህር አይጠፋም፤ ሆኖም ከከሚሴ በኮምቦልቻ ዞሮ መሄዱ ገንዘብም የትምህርት ቀንም ስለሚበላ ለባቲ ልጆች ቢተው ይሻላል። በሁለተኛው ሳምንት አባባሉን ያልሰማ ሌላ ቡድን ጽሑፉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። ሰብሳቢዎቹ ሳያርሙ የተሰናከለበትን ቦታ ይመዘግባሉ። ለእነርሱ ግልጽ የነበረው ለሌላው እንዳልሆነ በጆሯቸው የሚሰሙት ያን ጊዜ ስለሆነ መምህሩ አፉን መያዝ አለበት። በሦስተኛው ሳምንት የየራሳቸውን መፍትሔ ያቀርባሉ፤ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ማድረግ፣ እንደ ቁቤ ፊደሉን መድገም ወይም ዐውዱን ማብራራት ሊሆን ይችላል። ከዚያም በሦስተኛ ቡድን ንባብ ይፈትኑታል።

መፍትሔው የተገኘ ሲመስላቸው ኅብረ ቃሉ በመጥበቅና በመላላት ላይ የቆመ የሰምና ወርቅ ግጥም ይሰጣቸዋል። ምልክቱ ሲጨመርበት አንዱ ፍቺ ይጠፋል፤ ቅኔውም ይፈርሳል። ለውል ጽሑፍ የጠቀመው ምልክት ባለቅኔውን ጎዳ ማለት ነው። ጠንካራ ክርክር የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው።

ነጥብ የሚሰጠው ለመልሱ አይደለም። «ምልክት ይግባ» ያለውም «አይግባ» ያለውም ቡድን፣ በንባቡ ሙከራ የመዘገባቸውን ስሕተቶች ጠቅሶ እስከተከራከረ ድረስ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። አንድም ስሕተት ሳይጠቅስ «አባቶቻችን እንዲህ ጽፈዋል» በሚል ብቻ የሚከራከር ግን ከግማሽ በላይ ሊያገኝ አይገባም።