መምህሩ ከጎን ሲለይ፦ የብሪታኒያ ኦስቲዮፓት ከትምህርት ወደ ሥራ

ኦስቲዮፓቲ የጀርባን፣ የአንገትን፣ የመገጣጠሚያንና የጡንቻን ሕመም ያለ መድኃኒትና ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በዋናነት በእጅ የሚያክም ሙያ ነው። የተወለደው አሜሪካ ነው። አንድሪው ቴይለር ስቲል የተባለ ሐኪም ሐሳቡን በ1874 ይፋ አደረገ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1892 ደግሞ በሚዙሪ ግዛት፣ በከርክስቪል ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሙያው ለሁለት ተከፍሏል። በአሜሪካ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚመረቀው መድኃኒት የሚያዝና ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሙሉ ሐኪም ነው። በብሪታኒያ ግን ጆን ማርቲን ሊትልጆን በ1917 ለንደን ላይ ካቋቋመው ትምህርት ቤት የወጣው መስመር ከሐኪምነት ተለይቶ በእጅ ሕክምና ጸንቷል። ይህን የሚያነብ ሰው ወጌሻን ቢያስታውስ አይፈረድበትም፤ ሆኖም የተሰበረውንና የወለቀውን የሚመልሰው ወጌሻ ነው፤ የብሪታኒያው ኦስቲዮፓት ስብራት ከጠረጠረ በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ዛሬ የምናነሳው የብሪታኒያውን ኦስቲዮፓት ነው፤ በተለይም ከተማሪነት ወደ ባለሙያነት የሚሻገርበትን ጊዜ።

በ1993 የወጣው የኦስቲዮፓቶች ሕግ ሙያውን በመንግሥት ዕውቅና ሥር አስገብቶ ጠቅላላ የኦስቲዮፓቲ ምክር ቤት የሚባለውን ተቆጣጣሪ አቋቋመ። በምክር ቤቱ መዝገብ ሳይሰፍር ራሱን ኦስቲዮፓት ብሎ የሚጠራ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። በመዝገቡ ከ5,000 በላይ ባለሙያዎች አሉ። ለመመዝገብ ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት መመረቅ ያስፈልጋል፤ ትምህርቱ በመደበኛ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ያወጣው መለኪያም ለጀማሪ ተማሪ 4,200 ሰዓት ትምህርት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በመምህር ክትትል የሚሠራ የክሊኒክ ልምምድ ይጠይቃል። ይህ ልምምድ የሚከናወነው በትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ነው። ተማሪው ታካሚውን ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ከዚያም ወጥቶ ያገኘውንና የጠረጠረውን ለመምህሩ ያስረዳል። መምህሩ ይሞግተዋል፤ ሲያስፈልግ ራሱ ገብቶ ያያል፤ ሕክምናው የሚጀመረው እሱ ሲስማማ ነው። ታካሚውም የሚያክመው ተማሪ መሆኑን ያውቃልና መዘግየቱን ይታገሣል።

ምሩቁ ተመዝግቦ፣ የሙያ ኢንሹራንሱን ገዝቶ ሥራ ሲጀምር ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀራል። የብሪታኒያ ሐኪም ከሕክምና ትምህርት ቤት ሲወጣ በሆስፒታል ክትትል ሥር ሁለት ዓመት ያሳልፋል። አዲስ ኦስቲዮፓት ግን እንዲህ ያለ የግዴታ መሸጋገሪያ የለውም፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻውን ማከም ይፈቀድለታል። አብዛኛው ሥራ የግል ነው። ጀማሪው ብዙ ጊዜ በሌላ ባለሙያ ክሊኒክ ውስጥ ክፍል ይዞ፣ ከሚያስገባው ክፍያ ለባለቤቱ ድርሻ እየሰጠ ይሠራል። ተቀጣሪ ስላልሆነ የሚያሠለጥነው አለቃ የለውም፤ ታካሚ ካልመጣም ገቢ የለም። ምክር ቤቱ ራሱ ጉዳዩን ከቁም ነገር ቆጥሮ፣ አዲስ ምሩቃን ለሥራ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆኑ አስጠንቶ በ2012 ውጤቱን አውጥቷል።

በእኔ እምነት የዝግጅቱ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከተሳሳተ ቦታ ነው። ምሩቁ የሚጎድለው የእጅ ጥበብ ወይም የአናቶሚ ዕውቀት ይመስለናል። በምረቃው ማግስት የሚያጣው ግን ሐሳቡን ጮክ ብሎ የሚናገርለትን ሰው ነው። አንድ የጀርባ ሕመምተኛ እንውሰድ። በጭኖቹ መካከል መደንዘዝ ከጀመረውና ሽንቱን መሽናት ካቃተው፣ በአከርካሪው ግርጌ ያለው የነርቭ ጥቅል ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ካልደረሰ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ የማይመልስ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ሕይወት ግን እንደ ፈተናው አጥርታ አትጠይቅም። ሰውየው ስለ ሽንቱ መናገር ያፍራል፤ መደንዘዙን «ትንሽ ነው» ይለዋል፤ ቀጣዩ ታካሚ ውጭ ይጠብቃል፤ ይህ ደግሞ ከፍሎ የመጣው እንዲታሽ ነው። በተማሪ ክሊኒክ ውስጥ ጥርጣሬው ለመምህሩ ይነገርና ሁለት ሰው ይመዝነዋል። እዚህ ግን ባለሙያው የዕለቱን ክፍያ ትቶ፣ ታካሚውን ሳያስደነግጥ አሳምኖ፣ የሪፈር ደብዳቤ ጽፎ መላክ አለበት፤ ያንንም ብቻውን ይወስናል።

ስምምነት መጠየቅም እንዲሁ ነው። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሞንትጎመሪ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ አንድን አደጋ ለታካሚው መንገር ያስፈልግ እንደሆነ የሚለካው በባለሙያዎች ልማድ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ በዚያ ሰው ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው አደጋውን ከቁም ነገር ይቆጥረው ነበር ወይ የሚለው መለኪያ ሆኗል። አንገትን በፍጥነት ማዞር በጣም አልፎ አልፎ ከአንገት የደም ሥር መሰንጠቅና ከስትሮክ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ይህን ለተጨነቀ ሰው ሳያስፈራሩ፣ ሳይሸፋፍኑም፣ ሌላ አማራጭ እንዳለ ጨምሮ መናገር በቃል የሚጠና አይደለም። ተማሪው ደጋግሞ ካልተናገረውና መምህሩ ካላረመው በሥራ ቦታ የሚወጣው ቃል የተሸመደደ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ስለዚህ የመጨረሻው ዓመት የመምህሩን እጅ ቀስ በቀስ የማንሳት ዓመት መሆን አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ተማሪው ሐሳቡን አስቀድሞ ያስረዳል፤ ቀጥሎ ራሱ ወስኖ ምክንያቱን ጽፎ መምህሩ በዚያው ቀን ያነበዋል፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ የቀጠሮው ጊዜ በእውነተኛ ክሊኒክ ወዳለው ያጥራል። መምህሩ በሩ አጠገብ ነው፤ ግን ሳይጠራ አይገባም። ለታካሚው ደህንነት የሚሰጋ ሰው ይህን ሊቃወም ይችላል፤ ስጋቱም እውነት ነው። ነገር ግን ያው ወጣት ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ሕመምተኛ በሩ አጠገብ ማንም ሳይኖር ማየቱ አይቀርም። የመጀመሪያው ብቸኛ ውሳኔ የሚያርም ሰው ባለበት ቦታ ቢወሰን ለታካሚውም ይሻላል።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ገንዘብ ነው። ክፍያን፣ ውልን፣ ግብርንና ማስታወቂያን ማስተማር አካሚውን ነጋዴ ያደርገዋል ይባላል። እኔ የምፈራው ተቃራኒውን ነው። ወጪውን ማስላት የማያውቅ ጀማሪ የክሊኒኩን ባለቤት ውል ሳያነብ ይፈርማል፤ ወሩ ሲያጥርበትም የተሻለውን ሰው «ሌላ ሳምንት ተመለስ» ለማለት ይፈተናል። ሕክምናው የሚያበቃበትን ነጥብ ከመጀመሪያው ቀን ለታካሚው መንገር የሥነ ምግባር ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን የሚያውቅ ሰው ነው ደፍሮ የሚናገረው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የማስረጃው ነው፤ ሕክምናው ራሱ በቂ ማስረጃ ከሌለው ለሽግግሩ መጨነቅ ምን ይጠቅማል? መልሱ እንደ ሕመሙ ይለያያል። በ2004 የታተመው የብሪታኒያ ጥናት 1,334 የጀርባ ሕመምተኞችን አካትቶ፣ አከርካሪን በእጅ ማከም ከተለመደው የሐኪም እንክብካቤ ጋር ሲጨመር ከአነስተኛ እስከ መካከለኛ ጥቅም እንዳለው አሳይቷል። የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያም በ2016 የእጅ ሕክምናን የፈቀደው የአካል እንቅስቃሴን ከሚጨምር እንክብካቤ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ነው። የራስ ቅልን በቀስታ በመንካት ይፈውሳል ለሚባለው ዘዴ ግን ማስረጃው ደካማ ነው። እንግዲህ ጀማሪው የሚረከበው ከፊሉ የጸና፣ ከፊሉ ያልጸና ሙያ ነው። «ይህን ልረዳዎ እችላለሁ፣ ይህን ግን አልችልም» ማለት መቻል ከየትኛውም የእጅ ዘዴ በፊት መለመድ አለበት፤ የማስረጃው ጉድለት ዝግጅቱን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ ከንቱ አያደርገውም።

እንደ ሐኪሞቹ የግዴታ ዓመት ይደንገግ የሚሉም አሉ። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን ደመወዙን ማን ይከፍላል? ሐኪሙን የሚቀበለው የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ኦስቲዮፓቱ የሚገባው በአብዛኛው በትናንሽ የግል ክሊኒኮች ነው። አሁን ያለው ግዴታ እያንዳንዱ ባለሙያ በሦስት ዓመት 90 ሰዓት እንዲማር፣ ከዚያም ግማሹን ከሌሎች ጋር እንዲያደርገው፣ በዙሩም ውስጥ ከባልደረባ ጋር ሥራውን እንዲገመግም ያዛል። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ለጀማሪ ግን ሦስት ዓመት በጣም ሰፊ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ከክሊኒኩ ባለቤት ውጭ ካለና በገቢው ጥቅም ከሌለው ልምድ ያለው ባለሙያ ጋር፣ የሳምንቱን አስቸጋሪ ታካሚዎች ይዞ መነጋገር ቢታዘዝ አዲስ ሆስፒታልም አዲስ ሕግም አይጠይቅም። ሰዓቱም ጀማሪው ሊያሟላው ከሚገባው የ90 ሰዓት ግዴታ ውስጥ ሊቆጠርለት ይችላል።