ከማህፀን በር ካንሰር ጀርባ ያሉት ሁለት ፕሮቲኖች

እ.ኤ.አ. በ1951 ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ሄንሪየታ ላክስ ከምትባል ጥቁር አሜሪካዊት እናት የማህፀን በር ላይ ትንሽ የዕጢ ናሙና ተወሰደ። ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም። እሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች፤ ህዋሳቷ ግን “ሂላ” ተብለው እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይባዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በየል ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ጉድዊንና ዳንኤል ዲማዮ በእነዚሁ ህዋሳት ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። በውስጣቸው የተቀመጡትን ሁለት የቫይረስ ጂኖች የሚዘጋ ፕሮቲን አስገቡባቸው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ያለማቋረጥ ሲባዙ የኖሩት ህዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ መከፋፈል አቆሙ፤ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ህዋስም አረጁ።

ስለ ማህፀን በር ካንሰር ከተማርኩት ሁሉ ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ነገር አላገኘሁም። የማህፀን በር ካንሰር ህዋስ ራሱን የሚያስቆምበትን አቅም አላጣም። አቅሙ አለ፤ ቫይረሱ ነው አፍኖ የያዘው።

ቫይረሱ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤችፒቪ ይባላል። ከ200 በላይ ዓይነቶች ያሉት ሲሆን ካንሰር የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው። ከእነሱም ዓይነት 16 እና ዓይነት 18 ብቻቸውን 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር መንስኤ ናቸው። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ይህን ሲሰሙ የሚሸማቀቁ ሴቶች ብዙ ስለሆኑ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፦ ግንኙነት ካደረጉ ወንዶችና ሴቶች አብዛኞቹ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በኤችፒቪ ይያዛሉ። አንድ ባል ብቻ የምታውቅ ሴትም ልትያዝ ትችላለች። በቫይረሱ መያዝ የማንም ጠባይ መለኪያ አይደለም።

የኤችፒቪ የዘር መረጃ 8,000 ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ብቻ ነው፤ የሰው 3 ቢሊዮን ነው። ከማነሱ የተነሳ የራሱን ዲኤንኤ የሚገለብጥበትን ዋና ኢንዛይም እንኳ አልያዘም፤ ከሚገባበት ህዋስ ይዋሳል። መዘዙ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱ በዓይን በማትታይ ጭረት በኩል የማህፀን በር ልባስ ታችኛው ንጣፍ ላይ ያሉትን ህዋሳት ይይዛል። እነዚህ ህዋሳት ይከፋፈላሉ፤ ወደ ላይኛው ንጣፍ እየወጡ ሲሄዱ ግን መከፋፈል ያቆማሉ፣ ዲኤንኤ የመገልበጥ ሥራቸውንም ይዘጋሉ። ቫይረሱ በብዛት መባዛት የሚፈልገው ደግሞ እዚያው፣ ሥራው በተዘጋበት ላይኛው ንጣፍ ነው። ስለዚህ የተዘጋውን ማስከፈት አለበት።

ይህን የሚያደርግለት ኢ7 የሚባለው ፕሮቲን ነው። በጤነኛ ህዋስ ውስጥ አርቢ የተባለ ፕሮቲን፣ የመከፋፈል ጂኖችን የሚያስነሳውን ኢ2ኤፍን ጨብጦ ያቆየዋል። ኢ7 መጥቶ አርቢን ይይዝና ኢ2ኤፍን ያስለቅቀዋል፤ አርቢንም ለመፍረስ ይዳርገዋል። በዚህ ጊዜ ማረፍ የነበረበት ህዋስ እንደገና ዲኤንኤ መገልበጥ ይጀምራል።

ህዋሱ ግን ዝም ብሎ አያይም። ያለ ጊዜው የተጀመረ መከፋፈል ፒ53 የተባለውን ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። ፒ53 ሲነሳ ህዋሱን ወይ ያስቆመዋል፣ ወይ ራሱን እንዲያጠፋ ያዘዋል። ቫይረሱ ለዚህም መልስ አለው፤ ኢ6። ኢ6 ፒ53ን የሚያጠፋው በራሱ እጅ አይደለም። ከህዋሱ ኢንዛይሞች አንዱን ይዞ ወደ ፒ53 ይመራዋል፤ ኢንዛይሙም ዩቢኩቲን የሚባሉ ትናንሽ ፕሮቲኖችን በፒ53 ላይ ይለጥፍበታል። እንዲህ ምልክት የተደረገበት ፒ53 ወደ ህዋሱ ማፍረሻ ተወስዶ ይከታተፋል። ነገሩ በየማታው አዲስ ዘበኛ እንደሚቀጥር መንደር ነው፤ ዘበኛው ግን በር ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። በሰው ልጅ ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ላይ የፒ53 ጂን ራሱ ተበላሽቶ ይገኛል። በማህፀን በር ካንሰር ግን ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የየል ሙከራ የተሳካው በዚህ ምክንያት ነው፦ ኢ6 ሲዘጋ ፒ53 ተመለሰ፣ ኢ7 ሲዘጋ አርቢ ተመለሰ።

እንዲህም ሆኖ በቫይረሱ ከተያዙት አብዛኞቹ ካንሰር አይዛቸውም። ከተያዙ አሥር ሰዎች ዘጠኙን የሰውነት መከላከያቸው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ያድናቸዋል። በቀሩት ላይ ቫይረሱ ለዓመታት ይቆያል። ከዕለታት አንድ ቀን ክብ የነበረው የቫይረሱ ዲኤንኤ ተቆርጦ በሴትየዋ ክሮሞዞም ውስጥ ሊሰካ ይችላል። ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ኢ2 የተባለው ጂን ነው፤ የኢ6ንና የኢ7ን መጠን ልክ የሚያስይዘው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ያለ ልክ ይመረታሉ። ፒ53 በሌለበት ደግሞ በየክፍፍሉ የሚፈጠረው የዲኤንኤ ስህተት ሳይታረም ይከማቻል። ለቫይረሱም ቢሆን ይህ ትርፍ የለውም፤ እንዲህ ከተሰካ በኋላ ወደ ሌላ ሰው የሚሻገር አዲስ ቫይረስ መሥራት አይችልም።

ከመጀመሪያው መያዝ እስከ ካንሰር ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለና ሕክምና ያልጀመሩ ሴቶች ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። በአገራችን በኢትዮጵያ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ይህ ካንሰር ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት ግን በሽታውን ቀድሞ ለማግኘት የተሰጠ ጊዜ ነው።

በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ምርመራ ቀላል ነው። ነርሷ ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ፣ ማለትም አቼቶን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ፣ በጥጥ ነክራ የማህፀን በሩን ታስነካዋለች። አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። አሲዱ የህዋስ ፕሮቲኖችን ለጊዜው ያረጋል፤ ቫይረሱ የለወጣቸው ህዋሳት አስኳላቸው ትልቅ፣ ፕሮቲናቸውም ብዙ ስለሆነ ያ ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ የሆነው ቦታ በዚያው ቀን በብርድ ወይም በሙቀት ሊወገድ ይችላል። የቫይረሱን ዲኤንኤ የሚፈልገው ምርመራ ከዚህ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ናሙናውንም ሴቲቱ ራሷ ልትወስደው ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ምርመራ ከ30 ዓመት ጀምሮ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ደግሞ ከ25 ዓመት ጀምሮ ይመክራል።

ቫይረሱን ከካንሰሩ ጋር ያገናኘው ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓይነት 16ን፣ በቀጣዩ ዓመት ዓይነት 18ን ከዕጢ ውስጥ ለይቶ አወጣ፣ በ2008 ኖቤል ተሸለመ። ቫይረሱን የሚከላከለው ክትባት የተሠራው ግን ከሌላ ፕሮቲን፣ የቫይረሱ ሽፋን ከሆነው ኤል1 ነው። ኤል1 ብቻውን ሲመረት ራሱ ተገጣጥሞ ዲኤንኤ የሌለው ባዶ ቅርፊት ይሆናል። ሰውነት ይህን ቅርፊት አይቶ ፀረ እንግዳ አካላት ያዘጋጃል። አገራችን ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች። በእንግሊዝ በ12 እና በ13 ዓመታቸው የክትባት ዕድል ባገኙት ላይ በሽታው 87 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። ልጆቹ ከመያዛቸው በፊት መከተብ ያለባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ካንሰር የሆነ ህዋስ ኤል1ን አይሠራም፤ የሚሠራው ኢ6ንና ኢ7ን ነው። ስለዚህ ክትባቱ የያዘውን በሽታ አያድንም።

ካንሰር ከሆነ በኋላ፣ ገና ሳይሰፋ ከተገኘ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ከሰፋ ግን ዋናው ሕክምና ጨረር ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ሲስፕላቲን የተባለ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። ጨረሩ ዲኤንኤውን ይበጥሳል፤ ሲስፕላቲን ደግሞ የዲኤንኤውን ፊደላት እርስ በርስ እያሰረ ጥገናውን ያውካል። ለረጅም ዓመታት በመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሩቅ ክልል መጥተው ወረፋ ሲጠብቁ ካንሰሩ ደረጃ የዘለለባቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ከመድኃኒቱ ዓይነት ይልቅ የሚያስፈልገው ማሽኑ በቅርብ መገኘቱ ነው።

ሁለቱን ፕሮቲኖች በቀጥታ ዒላማ ያደረገው ሕክምና ገና በምርምር ላይ ነው። ኢ6ና ኢ7 ለሰውነት ባዕድ ናቸው፤ ካንሰሩም ያለ እነሱ መቀጠል ስለማይችል ሊጥላቸው አይችልም። ይህን መነሻ ያደረጉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከታማሚዎች ደም የሰውነት መከላከያ የሆኑትን ቲ-ህዋሳት ወስደው ኢ7ን ለይቶ የሚያውቅ ተቀባይ በጂን ምህንድስና ጨመሩባቸውና መልሰው ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት፣ ኤችፒቪ ያመጣው ካንሰር ከተሠራጨባቸው 12 ታማሚዎች በ6ቱ ዕጢው ቀንሷል። ሕክምናው ባልያዘላቸው አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ምክንያቱ ተገኘ፦ የኢ7ን ቁርጥራጭ ወደ ህዋሱ ገጽ አውጥተው ለቲ-ህዋስ የሚያሳዩት ጂኖች ተበላሽተዋል። ኢ7 በውስጥ ሆኖ እንኳ ከውጭ አይታይም ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ሕክምና የቀረው ጥያቄም ይኸው ነው።