ሽጉጡ ቀብድ ነው፣ ሂሳቡ ያለው ጥይቱ ላይ ነው

ባለፈው ሰሞን በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ስልክ ደውሎ ያልጠበቅሁትን ነገር ጠየቀኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ኢላማ መተኮሻ ቦታ መሄድ ጀምሯል። አሁን ደግሞ በትልቅነቱ ስም ያተረፈውን ባለ 44 ማግነም ሪቮልቨር መግዛት አምሮታል። «አንተ የገበያ ሰው ነህ፣ ያዋጣኛል?» አለኝ።

በእኛ አገር ጥያቄው ከገበያ በፊት የሕግ ጥያቄ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ማስገባትም ሆነ መያዝ ክልክል ነው። አሜሪካ ግን ሱቅ ተገብቶ ዋጋ የሚጠየቅበት ሸቀጥ ነው። ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው አንባቢም ጥቂት ስላልሆነ የነገርኩትን እዚህም ላስፍረው።

ሪቮልቨር ጥይቱን በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ የሚጎርስ ሽጉጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ይይዛል። የ44 ማግነም ዝና የጀመረው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ከሬሚንግተን ጋር ጥይቱንና ሽጉጡን ይዞ ብቅ ሲል ነው። ሆኖም ገበያውን ያጦፈው ሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ክሊንት ኢስትዉድ «ደርቲ ሃሪ» በተሰኘው ፊልም ይህንኑ ሽጉጥ ይዞ ከታየ በኋላ ፈላጊው በዝቶ ሱቆች ከፋብሪካው የመሸጫ ተመን በላይ ይሸጡት እንደነበር ይታወቃል። ጓደኛዬም ፊልሙን አይቶታል መሰለኝ።

ዛሬ ስመ ጥር ፋብሪካዎች የሚያወጧቸው አዳዲስ ትልልቅ ሪቮልቨሮች ዋጋ በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 1,500 ዶላር ባለው ክልል ውስጥ ነው። ገዢ የሚከራከረው በዚህ ዋጋ ላይ ነው፤ ስህተቱም ከዚሁ ይጀምራል። መኪና ያለ ቤንዚን እንደማይሄድ ሁሉ ሽጉጥም ያለ ጥይት ብረት ነው፤ የ44 ማግነም ጥይት ደግሞ አንዷ ፍሬ ወደ አንድ ዶላር ትጠጋለች። አንድ ሰው በወር ሁለት ቀን ሄዶ በየቀኑ መቶ መቶ ቢተኩስ በዓመት 2,400 ፍሬ ይጨርሳል። ወደ 2,400 ዶላር መሆኑ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የሽጉጡን ዋጋ አልፎት ሄደ ማለት ነው።

«እንግዲያው በዚያው ሽጉጥ ደካማውን ጥይት ልተኩስበት» የሚል አይጠፋም። በእርግጥም 44 ስፔሻል የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው አጭር ጥይት በ44 ማግነም ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ ርግጫውም ለስላሳ ነው። ነገር ግን የገበያን ነገር የሚያውቅ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ባሩዱ ያነሰው ጥይት ብዙ ጊዜ ከኃይለኛው አይረክስም፤ እንዲያውም የሚብስበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ፋብሪካው በብዛት አያመርተውም።

357 ማግነም ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ ጥይት ሲሆን በእርሱ ሽጉጥ 38 ስፔሻልን መተኮስ ይቻላል። በነገራችን ላይ «38» ስም ብቻ ነው፤ የሁለቱም እርሳስ ውፍረት አንድ ነው፣ ወደ 9.1 ሚሊሜትር። 38 በብዛት ስለሚመረት ዋጋው ከ44ቱ ግማሽ ገደማ ነው። በአንድ ዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ ልዩነት ያመጣል። ለጓደኛዬ የሰጠሁት ምክርም ይኸው ነው፤ 357 ግዛ፣ 38 ተኩስበት፣ ጉልበቱ ሲያምርህ ማግነሙን አጉርስ። አጭሩን ጥይት ብዙ ከተኮሱ በኋላ ግን በሲሊንደሩ ቀዳዳ ውስጥ ጥላሸት ቀለበት ሠርቶ ረጅሙን አላስገባ ስለሚል መጥረግ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ብቻ አይደለም። 44 ማግነም ከ15 ግራም በላይ የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ ከ350 ሜትር በላይ ያስወነጭፋል፤ የዚያ ሁሉ ምላሽ የሚያርፈው መዳፍ ላይ ነው። ጀማሪ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ርግጫውን እየጠበቀ ቃታውን ከመሳቡ በፊት እጁን ያንቀጠቅጣል። ኢላማውን የሚስተው በዚህ ነው፤ ልማዱ አንዴ ከያዘው ለመተው ሌላ ብዙ ጥይት ይፈጃል። ስለዚህ የኢላማ ሽጉጥ ከባድ ቢሆን ይመረጣል፤ አፈሙዙ ስድስት ኢንች ገደማ፣ ማነጣጠሪያው የሚስተካከል፣ እጀታው ጎማ ቢሆን ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ባለ 500 ማግነም ለጉራ ካልሆነ በቀር ለዚህ ሥራ የሚመርጥ አይገባኝም።

44ን የሙጥኝ ላለ ሰው አንድ መውጫ አለ፤ ጥይቱን ራሱ መሙላት። በጥይት ውስጥ ውድ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ የናስ ቀለሁ ነው፣ እርሱ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። ባሩድ፣ እርሳስና እሳት የምትለኩሰውን ትንሿን ቆብ ገዝቶ በእጅ መጭመቂያ መሙላት ዋጋውን በደንብ ይቀንሳል። ሪቮልቨር እዚህ ላይ ይክሳል፤ ቀለሁን ወዲያ ወዲህ አይረጭም፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። በቤት የተሞላ ጥይት የማይቀበሉ መተኮሻ ቦታዎች ስላሉ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

የጥይት ዋጋ ወዴት ይሄዳል ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መደርደሪያዎች ባዶ ሆነው ዋጋ ሽቅብ እንደወጣ ማስታወስ ነው። ፌዴራልን፣ ሲሲአይንና የሬሚንግተንን ጥይት የሚያመርተው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 መጨረሻ ከ2.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ለቼኩ ቼኮዝሎቫክ ግሩፕ ተሸጧል። ብዙ ብራንድ በጥቂት እጅ ሲገባ ገዢ ዓይኑን ከፋክቱሩ ላይ ባያነሳ ጥሩ ነው።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ባዶ መሆኑን ደግሞ ካረጋገጠና ከባለሱቁ ካስፈቀደ በኋላ መዶሻውን ወደ ኋላ ስቦ ሲሊንደሩን በጣቱ ይነቅንቀው። በጣም የሚወላወል ከሆነ ይተወው። ሲሊንደሩና አፈሙዙ የሚገናኙበትን ጠርዝም ይመልከት፤ ማግነም በብዛት የተተኮሰበት ሽጉጥ እዚያ ላይ ተበልቶ ይገኛል።

በመጨረሻ ጓደኛዬ «ለአጎቴ ልጅ ጭምር በስሜ ልግዛለት?» ሲለኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የአጎቱ ልጅ የገባው በጎብኚ ቪዛ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቋሚ መኖሪያ ያለው መግዛት ይችላል፤ በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር ሽጉጡንም ጥይቱንም መያዝ አይፈቀድለትም። ለሌላ ሰው እየገዙ ለራሴ ነው ብሎ ቅጽ ላይ መፈረምም እስር ቤት የሚያስገባ ወንጀል ነው። ለጊዜው ባለ 357ቱን ከመተኮሻ ቦታው ተከራይቶ ሊሞክር ተስማምተን ስልኩን ዘጋን።