ግራሶው ከየት ይመጣል?

ዳሌያቸውን የቀየርንላቸው ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሰናዱ፣ «ዶክተር፣ ኩሽኔታው ገብቷል፤ ግራሶውስ በስንት ጊዜ ነው የሚደረግለት?» አሉኝ። ልጆቻቸው ሳቁ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም፤ የሙያችን የቆየ ክርክር እሱው ነው።

«እሱን ሰውነትዎ ራሱ ያመጣዋል፣ ጋሼ» አልኳቸው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ። በተተከለው ዕቃ ዙሪያ አዲስ ስስ ልባስ ይፈጠርና ፈሳሽ ያመነጫል። የተለወጠው ፈሳሹ የሚያርፍበት ገጽ ነው። የተፈጥሮው ገጽ፣ ካርቲሌጅ፣ ውሃ ያዘለ በመሆኑ ሸክም ሲጫነው ያው ውሃ አብዛኛውን ጫና ይቀበልለታል። ብረትና ፕላስቲክ ይህ ጸጋ የላቸውም፤ ፈሳሹ ስስ የፕሮቲን ሽፋን ይተውላቸዋል እንጂ ጨርሶ አያለያያቸውም። ስለዚህ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ይፋቃሉ፤ እርምጃው ደግሞ በዓመት ወደ ሚሊዮን ይጠጋል።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ በዚህ ፈሳሽ ላይ መተማመን አይቻልም ብሎ ደመደመ፤ በራሱ የሚያንሸራትት ዕቃ ፈልጎም ቴፍሎንን መረጠ። ሕሙማኑ ያለ ሥቃይ መራመድ ጀመሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ኳሱ የሚዞርበት የቴፍሎን ጎድጓዳ ተበላ፤ ብናኙ ዙሪያውን አስቆጣ፤ ዳሌዎቹ እንደገና ተከፈቱ። ማንሸራተትና አለመበላት ለየቅል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል ቴክኒሻኑ ሃሪ ክሬቨን፣ አለቃው ብዙም ተስፋ ያልጣለበትን ፖሊኢትሊን መፈተኛው ማሽን ላይ ጫነው፤ ለሳምንታት ተፈትጎ እምብዛም አልተነካም። ቻርንሊ የሁለቱን ፕላስቲኮች ብናኝ በገዛ ጭኑ ውስጥ አስገብቶ ተከታተለ። ዛሬ የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይፈቅድለት ነበር?

ቆይቶ ደግሞ ፈሳሹን የሚያምኑ ተነሡ፤ ትልቅ የብረት ኳስ በብረት ጎድጓዳ ውስጥ። ስሌቱ ያምራል፤ ኳሱ ሲተልቅ ገጹ ይፈጥናል፣ ፈሳሹን ወደ መካከል ይስባል፣ ብረቶቹም ሳይነካኩ ያልፋሉ። በሰው ገላ ውስጥ ግን ጎድጓዳው ቀጥ ብሎ ከተገጠመ ሸክሙ ጠርዙ ላይ ያርፋል፤ ፈሳሹ ይሸሻል፤ ኮባልትና ክሮም ወደ ደም ይገባል። ዴፑይ የተባለው ኩባንያ ኤኤስአር የሚባለውን ይህን መሰል ዳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ የሰበሰበው ድጋሚ ቀዶ ጥገና ስለበዛበት ነው።

እኔ ዛሬም ወደ ፕላስቲኩ አደላለሁ። የቀድሞው ፖሊኢትሊን በዓመት ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይበላ ነበር፤ በጨረር የተጠናከረው አዲሱ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ጉዳቱ ከመሳሳቱ ይልቅ ከብናኙ ይመጣል። ከአንድ ማይክሮን የሚያንሰውን ቅንጣት የመከላከያ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ሊፈጩት ስለማይችሉ የሚረጩት ኬሚካል አጥንቱን ያስበላዋል። ይህ ሁሉ ያለ ሕመም ሊሆን ይችላል። «ምንም አላመመኝም» የሚለውን ታካሚ ራጅ የማስነሣውም ለዚህ ነው፤ ኳሱ ከመሃል ሸሽቶ እንደሆነ፣ በአጥንቱ ውስጥ ጥቁር ክፍተት እንዳለ አያለሁ።

ፈሳሹን መምረጥ አልችልም። በእጄ ያለው የጎድጓዳው ማዘንበልና ንጽሕናው ነው፤ መካከል የገባች አንዲት የአጥንት ማጣበቂያ ሲሚንቶ ፍርፋሪ ኳሱን ትጭረዋለች፣ የተጫረው ኳስ ደግሞ ፕላስቲኩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስለዚህ ከመዝጋቴ በፊት አጥባለሁ፣ እደግማለሁ። ረዳቶቼ ሰዓታቸውን ያያሉ። ይዩ።