ኪቦርድ ነኝ የሚለው ትንሽ ሰሌዳ

ኮምፒውተርን ከእጁ ሥራ ጋር ማገናኘት ለሚሻ ተማሪ የቀድሞው የፕሪንተር ማገናኛ፣ ፓራለል ፖርት፣ ገር መምህር ነበር። ከስምንቱ የዳታ መስመሮች በአንዱ ላይ ሬዚስተርና ኤልኢዲ አስሮ ከፕሮግራም አንድ ቁጥር መላክ መብራቱን ለማብራት ይበቃ ነበር። የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣ በኋላ ግን ይህ ማገናኛ ቀስ በቀስ ከላፕቶፖች ጠፋ። የተካው ዩኤስቢ ለተጠቃሚው ቀላል፣ ለሠሪው ኮስታራ ነው፤ ራሱን በሥርዓት ያላስተዋወቀን መሣሪያ አያስተናግድም።

የጠፋውን በር ለጀማሪዎች መልሰው ከከፈቱት መካከል ቲንሲ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቲንሲ 2.0 ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ልቡ ኤቲሜጋ32ዩ4 የሚባል ማይክሮኮንትሮለር ነው። 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ማኅደርና 2.5 ኪሎባይት ራም አለው። አኃዞቹ ዛሬ ፈገግ ያሰኙ ይሆናል፤ ቁም ነገሩ ግን ከዩኤስቢ ጋር የሚነጋገረው ክፍል በዚያው ቺፕ ውስጥ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አርዱዊኖ ሊዮናርዶም ይህንኑ ቺፕ ይጠቀማል።

ሰሌዳው ሲሰካ የሚሆነውን እንከተል። ቺፑ ከሁለቱ የዳታ መስመሮች አንዱን በሬዚስተር አማካይነት ወደ 3.3 ቮልት ያነሣል፤ ኮምፒውተሩ እንግዳ መምጣቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ከዚያም ማንነቱን ይጠይቃል፤ ሰሌዳው ይመልሳል። መልሱን የሚጽፈው ፕሮግራሙን ያዘጋጀው ሰው ነው። «ኪቦርድ ነኝ» ቢል ኮምፒውተሩ መታወቂያ አሳየኝ አይለውም።

እንግዲያውስ የአማርኛ ኪቦርድ ለምን አንሠራም? መሥራት ይቻላል፤ ሆኖም ኪቦርድ ፊደል እንደማይልክ ማወቅ ይገባል። የሚልከው የ8 ባይት መልእክት ነው፦ የመጀመሪያው ባይት ሺፍትንና መሰሎቹን ይይዛል፣ ሁለተኛው በዝምታ ይታለፋል፣ የተቀሩት ስድስቱ የተጫኑትን ቁልፎች ቁጥር ይይዛሉ። በተለመደው አቀማመጥ የኤል ቁልፍ ቁጥር 15፣ የዩ ደግሞ 24 ነው። ስለዚህ «ሉ»ን በአንድ ንክኪ ለመጻፍ ሰሌዳው 15ን፣ ቀጥሎ ስምንቱም ባይት ዜሮ የሆነበትን የመልቀቂያ መልእክት፣ ከዚያ 24ን፣ እንደገና መልቀቂያውን ይልካል። ቁጥሮቹን ወደ «ሉ» የሚለውጠው በድምፅ አጻጻፍ የሚሠራ፣ በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ነው፤ እርሱ ከሌለ የሚወጡት ሁለት የላቲን ፊደላት ናቸው። መልቀቂያው ከተዘነጋም ኮምፒውተሩ ቁልፉ እንደተጫነ ቀርቷል ብሎ ፊደሉን ያለማቋረጥ ይደጋግመዋል።

ኮምፒውተሩ የሰሙትን የማመን ጠባዩ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች በፍላሽ ዲስክ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ከተለወጠ ፍላሹ ራሱን ኪቦርድ አስመስሎ ትእዛዝ ሊጽፍ እንደሚችል በላስ ቬጋስ አሳይተዋል። ወድቆ የተገኘን ፍላሽ መሰካት የማይመከረው በከንቱ አይደለም።

ለጀማሪው ግን የቅርቡ አስቸጋሪ የገዛ ሰሌዳው ነው። እንደተሰካ መጻፍ የሚጀምር ፕሮግራም ሊታረም በተከፈተበት ገጽ ላይ ራሱ ይጽፍበታል፤ ማረሙም ፈተና ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንዳች ነገር ከመጻፉ በፊት የመፍቀጃ ምልክት እንዲጠብቅ እናድርግ። ከሰሌዳው እግሮች አንዱን ከመሬት መስመር ጋር የምታገናኝ አጭር ሽቦ ለዚህ ትበቃለች።