ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ አፈር ለምን ይመረመራል?

በሰፈርዎ አጠገብ ሕንፃ ሊሠራ መሬት ሲቆፈር፣ የወጣው አፈር በላስቲክ ተሸፍኖ ለብዙ ቀናት ሳይነሣ ሲቆይ ያዩ ይሆናል። አንድ ሰው ጓንት አጥልቆ ከክምሩ ላይ በትናንሽ ጠርሙስ አፈር ሲሞላ ካዩ፣ ናሙና እየወሰደ ነው። አፈሩ የት እንደሚጣል የሚወሰነው የዚያ ናሙና ውጤት ሲታወቅ ነው።

ከእናቶቻችን መካከል በሸክላ ሥራ የኖሩት ጥሩውን አፈር በእጃቸው ዳስሰው ይለዩታል። ይህ ትልቅ እውቀት ነው፤ ነገር ግን ለከተማ መሬት አይበቃም። ቦታው ላይ ቀድሞ የነዳጅ ማደያ (ታሐናት ዴሌክ)፣ ጋራዥ ወይም ብረት የሚነከርበት ፋብሪካ ነበረ እንበል። ከመሬት በታች የተቀበረ የነዳጅ ታንክ ማንም ሳያውቅ ለዓመታት ሊያንጠባጥብ ይችላል። ነዳጅ ቢያንስ ይሸታል፤ እርሳስ፣ ካድሚየምና አርሰኒክ ግን አይሸቱም፣ በዓይንም አይታዩም። በባሕሩ ዳርቻ ሜዳ ደግሞ ከአሸዋው በታች ለመጠጥ የሚቀዳ ውሃ አለ። በራማት ሃሻሮን ከቀድሞው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የወጣ ፐርክሎሬት የተባለ ኬሚካል እስከዚህ ውሃ ድረስ ወርዷል።

በሰሜን በናሃሪያ የሆነውም መታወቅ አለበት። በዚያ ከ1952 እስከ 1997 የአስቤስቶስ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የፋብሪካው ተረፈ ምርት መሬትን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ የአካባቢው ሰዎች እየወሰዱ ለመንገድና ለግቢ ማንጠፊያ አደረጉት። በነጻ የተገኘ ጥሩ ነገር ነበር የመሰላቸው። ብናኙ ሳንባን የሚያጠቃ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ሲታወቅ፣ ከየግቢው ከነአፈሩ እየተቆፈረ ለብቻው እንዲቀበር ተደረገ። መንግሥት በ2011 ስለ አስቤስቶስ የተለየ ሕግ አውጥቷል።

ወደ ምርመራው እንመለስ። ገበያ ላይ ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ያለውን ብቻ አይቶ አይገዛም፤ እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል። ናሙና ወሳጁም እንደዚሁ ከላይም ከውስጥም፣ ከብዙ ቦታ ይወስዳል። ነዳጅ ተንኖ እንዳይጠፋ ጠርሙሱ እስከ አፉ ሞልቶ ይከደናል፣ በበረዶ ሳጥንም ወደ ላቦራቶሪ (ማዕባዳ) ይላካል። መቼና ከየት እንደተወሰደ የሚገልጽ ወረቀት አብሮት ይሄዳል።

በላቦራቶሪው ሁለት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ፤ እነዚህም ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። አንደኛው በአፈሩ ውስጥ ምን ያህል መርዝ አለ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዝናብ ቢዘንብበት ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ውሃ ይወጣል የሚል ነው። ቡናን ያስቡ፦ ጀበናው ውስጥ የገባው ዱቄት ያው አንድ ነው፤ አቦሉ ግን ይወፍራል፣ በረካው ይቀጥናል። ከርሰ ምድሩን የሚጎዳው ወደ ውሃው የሚወጣው ነው። በአውሮፓ በተለመደው ዘዴ፣ 1 እጅ ደረቅ አፈር ከ10 እጅ ውሃ ጋር ለ24 ሰዓት ይናጥና ውሃው ይመረመራል። በ2003 በወጣው የአውሮፓ ውሳኔ መሠረት፣ ከ1 ኪሎ አፈር ከ0.5 ሚሊግራም በላይ እርሳስ ወደ ውሃው ከወጣ፣ አፈሩ ጉዳት ከሌለው ቆሻሻ ጋር አይቀበርም። ከ50 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያ እንኳ ሳይታከም አይቀበለውም።

ውጤቱ ሲመጣ ንጹሑ አፈር ለመሙያ ያገለግላል። የተበከለው እንደ ደረጃው ይታከማል ወይም ወደ ተፈቀደ መቅበሪያ (ማትሜና) ይሄዳል። አደገኛ ቆሻሻ የሚወሰደው ከቤር ሼቫ በስተ ደቡብ ወዳለው ኔኦት ሆቫቭ ነው። (በእብራይስጥ ‘ፕሶሌት’ የሚለው ቃል ለሁሉም ዓይነት ቆሻሻ ስለሚነገር፣ ወረቀት ላይ ሲያገኙት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።)

ይህ ሁሉ ገንዘብ ያስወጣል። ከ2007 ጀምሮ ለሚቀበር ቆሻሻ በቶን ክፍያ አለ፤ የጭነትና የምርመራ ወጪም አለ። ስለዚህ አንዳንድ ሹፌር በሌሊት መጥቶ ባዶ ሜዳ ላይ ይገለብጣል፤ ወይም “ለአትክልትዎ ጥሩ አፈር በነጻ ላምጣልዎት” ይላል። በሜዳ ላይ ቆሻሻ መጣል በ1984 በወጣው የንጽሕና አጠባበቅ ሕግ የተከለከለ ነው። ከሕንፃ ሥራ የመጣ አፈር ከሆነ የላቦራቶሪውን ወረቀት ሳያዩ አይቀበሉ። ሽማግሌዎቻችን ከቤታቸው አጠገብ ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም መትከል ይወዳሉ፤ ተገቢም ነው። ለዚህ የሚሆነውን አፈር ከችግኝ መሸጫ መግዛት ይሻላል፤ ጥቂት ሸቀል ያስወጣል እንጂ ጉዳት የለውም።

በቁፋሮ ሥራ ላይ የተሰማሩ ከሆነ፣ አፈሩ ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተዎት ወይም ቀለሙ ከጠቆረብዎት ቁፋሮውን አቁመው ለሥራ መሪው (ሜናሄል አቮዳ) ይንገሩ። “ከሥራ ያባርሩኛል” ብለው አይፍሩ፤ የሚተነፍሱት እርስዎ ነዎት። ጥቁሩን ከንጹሑ ጋር ቀላቅሉ ቢባሉም ችግሩ አይጠፋም፤ የተበከለው አፈር ይበዛል እንጂ። የሥራ ልብስና ጫማዎን ከበር ውጭ ያውልቁ፤ ልብሱም ከሕፃናት ልብስ ጋር አይታጠብ። ልጆች በአፈር ክምር ላይ መንሸራተት ስለሚወዱ ይከልክሏቸው፤ ትንሽ ልጅ እጁን ወደ አፉ ይወስዳልና እርሳስ ከአዋቂ ይልቅ እሱን ይጎዳል።

በሌሊት የሚገለበጥ አፈር ካዩ ለማዘጋጃ ቤቱ (ዒሪያ) በ106፣ ወይም ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር በኮከብ 6911 ይደውሉ። እብራይስጥ ገና ካልቀናዎት፣ የሚናገር ልጅ ወይም ጎረቤት አጠገብዎ ቢሆን መልካም ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመንገዱን ስም ያዘጋጁ፤ የመኪናውን ቁጥር ከሩቅ ማንበብ ከቻሉም ይጻፉት፤ ከሹፌሩ ጋር ግን አይነጋገሩ።