ከቲቢ በኋላ የሚመጣው ሻጋታ

በዚህ ጉዳይ እንድገባ ያደረገኝ እህል በረንዳ ጤፍ የሚያበጥር ጎልማሳ ነው። የስድስት ወሩን የቲቢ መድኃኒት አንድም ቀን ሳያጓድል ጨርሷል። «ድነሃል ብለው አሰናበቱኝ። ዓመት ሳይሞላ ደም መትፋት ጀመርኩ። አክታዬን ሲመረምሩት ቲቢ የለም፤ ግን ያንኑ መድኃኒት ድገም አሉኝ። ታዲያ ምኑን ለመግደል ነው የምውጠው፣ እህቴ?» የፎጣው ጫፍ ላይ የደረቀ ደም ነበር።

በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ብሪታንያ ውስጥ ከቲቢ ድነው ሳንባቸው ላይ ቀዳዳ የቀረባቸው 544 ሰዎች ሲመረመሩ፣ ሩብ ያህሉ ደም ውስጥ አስፐርጊለስ የተባለውን ሻጋታ የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል። ኡጋንዳ ውስጥም ጉሉ ላይ ቲቢ የታከሙ 398 ሰዎች ተፈትሸው 4.9 በመቶዎቹ የከረመ የሳንባ ሻጋታ ነበረባቸው።

ይህ ሻጋታ እህል ላይም፣ በሰበሰ ቅጠል ላይም ይኖራል። ዘሩ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ስለሆነ በቀን በመቶዎች እየሳብን ሳንባችን ጥግ ድረስ እናደርሰዋለን። ደረቁ ዘር ሮድኤ በተባለ ፕሮቲን ስለተሸፈነ የመከላከያ ሴሎች አይለዩትም። እርጥበት አግኝቶ ሲያብጥ ግን ሽፋኑ ይገፈፍና ቤታ ግሉካን የተባለው ስኳር ይጋለጣል፤ ያን ጊዜ ዴክቲን 1 የተባለው ተቀባይ ያውቀዋል። ማክሮፋጆች ዘሩን ይውጡታል። አምልጦ ክር ካበቀለ ለመዋጥ ይረዝማል፤ ስለዚህ ኒውትሮፊሎች ይደርሱና መርዛማ ኦክስጅን ይረጩበታል፤ የገዛ ዲኤንኤያቸውን ሳይቀር መረብ አድርገው ይዘረጉበታል። የራስን አካል እስከመበተን የሚደርስ ተጋድሎ ነው! ይህን መርዝ መሥራት ሳይችሉ የሚወለዱ ልጆችን አስፐርጊለስ ክፉኛ ያጠቃቸዋል።

ቲቢ የቆፈረው ቀዳዳ ውስጥ ግን ደም አይዘዋወርም፤ ተዋጊዎቹ ሴሎች መሀሉ ድረስ አይዘልቁም። ሻጋታው እዚያ ተድቦልቡሎ ይቀመጣል፣ ግድግዳው ይቆጣል፣ በዙሪያው ያሉት የደም ሥሮች ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ። «ሌሊት አፌ ሲሞላ ልጆቼ እንዳያዩ መብራት አላበራም» ብሎኛል ሰውዬው።

የሻጋታው የደም ምርመራ በስንት ሆስፒታል እንደሚሠራ አንድ የጤና ኃላፊ ጠየቅሁ። «በደብዳቤ ይጠይቁ» አሉኝ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን አስፐርጊለስ ፉሚጋተስን እ.ኤ.አ. በ2022 እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት አራት ፈንገሶች አንዱ አድርጎ መድቦታል።

መድኃኒቱ ኢትራኮናዞል ነው፤ ቢያንስ ስድስት ወር ይወሰዳል። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ ኢትራኮናዞልን ከደም ውስጥ ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ የቲቢ ሕክምና ጨርሰው ደም የሚተፉ ከሆነ ፈጥነው ሆስፒታል ይሂዱ፤ አክታዎ ላይ ቲቢ ካልተገኘ ያንኑ መድኃኒት ከመድገምዎ በፊት «ሻጋታ ቢሆንስ?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ።